«በዘራችን ነው»

አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ባለው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በየገባሁበት ቤት አገኛታለሁ። ሰውየው ስኳር አለባቸው፤ «ምን አግኝቷቸው ነው?» ስትሉ «በዘራቸው ነው» ትባላላችሁ። ሴትዮዋ ደም ግፊት ይዟቸዋል፤ «እናታቸውም እንዲሁ ነበሩ፣ በዘራቸው ነው»። ጎረምሳው እግሩ ተሳስሮ በምርኩዝ ይሄዳል፤ «አጎቱም እኮ እንዲሁ ነበር»። አለቀ። ቡናው ይቀዳል፣ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን አንድ ነገር እወተውታቸው ነበር፤ ዓረፍተ ነገር ስታነቡ የሚለውን ብቻ ሳይሆን እንዳይባል የሚያደርገውንም ፈልጉ እላቸው ነበር። «በዘራችን ነው» በዚህ ዓይን ስትታይ አድራጊ የሌላት ዓረፍተ ነገር ናት። መቼ ጀመረ? ምን ይበላ ነበር? ማን ምን ሳያደርግ ቀረ? ጥያቄው ሁሉ በአንድ ቃል ይዘጋል። እንግዲህ ልማዴ ሆኖ መጽሐፍ ስተች ብኖርም፣ ዛሬ የምተቸው ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ነው።

ቃሉስ ከእኛ አጠቃቀም ይልቅ ብልህ ነው። በአማርኛ «ዘር» ትውልድም ነው፣ ገበሬው ማሳ ላይ የሚበትነው እህልም ነው። ምርቱ የከሰረበት ገበሬ «ዘሩ ነው» ብሎ አይተወውም፤ ዝናቡን ያነሳል፣ መሬቱን ያነሳል፣ አረሙን፣ ውርጩን፣ የዘራበትን ቀን ሳይቀር ይቆጥራል። ያው ገበሬ ስለ ልጁ እግር ሲጠየቅ ግን ዝናቡም መሬቱም ይጠፉና ዘር ብቻውን ይቀራል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ተብሎ ስለ ጠባይ የተነገረውን ተረት ለቆሽትና ለደም ሥርም አዋልነው።

እንቅርትን አስታውሱ። በደጋው አገር አያት፣ እናት፣ ልጅ አንገታቸው አብጦ ሲታይ ከዘር በቀር ምን ይታሰባል? ዋናው ምክንያት ግን የአዮዲን እጥረት ነበር። ዘመን ሙሉ ጎርፍ ያጠበው የተራራ አፈር አዮዲን ያንሰዋል፣ በላዩ የሚበቅለው እህልም እንዲሁ። ቤተሰቡ አንድ ዓይነት አንገት ያበቀለው ከአንድ መሶብ ስለሚቆርስና አንድ ዓይነት ጨው ስለሚጨምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ሲወስን የማንንም ዘር አልነካም፤ የነካው የጨውን ከረጢት ነው። ቤተሰብ የሚወራረሰው ደም ብቻ አይደለም፤ ድስቱንም፣ ጓሮውንም፣ የመግዛት አቅሙንም ይወራረሳል። «ካባቱ ወረሰው» ስንል ከእነዚህ የትኛውን ማለታችን እንደሆነ ሳንጠይቅ እናልፋለን።

አሁን ወደ እንፍራንዝ እንምጣ። ከባሕር ዳር የተነሣ ሰው ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ ወደ ጎንደር ሲወጣ እንፍራንዝን ያገኛል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት እዚያው አቅራቢያ ኮረብታው ላይ ነው። ጎብኚ ሁሉ ግንቡን ያያል። እኔ ግን ጀርባችሁን ለግንቡ ሰጥታችሁ ወደ ጣና ተመልከቱ እላለሁ። በደቡብ በኩል የፎገራ ሜዳ፣ ሐይቁን ዞሮ በሰሜን በኩል የደምቢያ ሜዳ ተዘርግቷል። ጥቁር፣ ውኃ የሚይዝ የዋልካ መሬት ነው። ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረችው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ፎገራ ላይ ሩዝ ከገባ ወዲህም ቢሆን ሩዙን ተከትሎ ጓያ መዝራት የተለመደ ነው።

ጓያ መቼም የድሃ ባለውለታ ነው። ድርቅ ይችላል፣ ውኃ የተኛበት መሬት ይችላል፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ እንዲያውም ለመሬቱ ናይትሮጅን ያተርፋል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሽሮው ይጣፍጣል። ሌላው እህል በድርቅ ሲያልቅ እሱ ቆሞ ይገኛል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ደግነቱ ነው። በፍሬው ውስጥ ሊቃውንቱ ኦዳፕ የሚሉት መርዝ አለ፤ ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ ለሚበላ ሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በክፉ ዓመት ግን ለሁለትና ለሦስት ወር ጓያ ብቻ የዋለበት መሶብ፣ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ነርቮች ይጎዳል። ልጁ ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ጉልበቱ እምቢ ሊለው ይችላል። አእምሮው ጤነኛ ነው፣ እጁም ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ እግሩ ግን ይገትራል፣ ይጠላለፋል። አይድንም። አገሬው «ጓያ ሰበረው» ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1976 እና 1977 ይህ በሽታ በደምቢያና በፎገራ እንደ ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለኃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር እጅግ የተስፋፋ መሆኑን አሳዩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ፣ ድርቅ ተከትሎ፣ ወሎ ውስጥ በደላንታ ዳውንት ተነሣ። ሦስቱንም ስታዩ የደረሱበት ቤት የማን ዘር እንደሆነ ሳይሆን ዓመቱ ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር ነው የሚነግሯችሁ።

ይሁንና ሕዝቡ ያለውን እንስማ። አንዳንዱ የጓያውን ገለባ ስለረገጠ ነው ይላል፤ ሌላው ሲቀቀል እንፋሎቱ ስለመታው ነው ይላል። ሦስተኛው «በዘራቸው ነው» ይላል። ይህ ሦስተኛው እንደ ሁለቱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ አንድ ጥሩ ጥያቄ ይዟልና። ስድስት ሰው ከአንድ መሶብ በልቶ ለምን አንዱ ብቻ ይሰበራል?

ዶ/ር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ጥያቄ ይዘው የወሎውን ወረርሽኝ አጠኑ፤ ውጤታቸውንም እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 አወጡ። በመጀመሪያ፣ አንድ መሶብ የምንለው አንድ አይደለም። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና ገና ባልበሰለ እሸት መልክ የሚበሉት ለበሽታው ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ ቡኮው ቦክቶ በተጋገረ እንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ መብላቱ ግን ይህን ያህል አደጋ አልታየበትም። ጓያውን ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ይከላከላል፤ ስንዴና ገብስ ጓያ የሚያጥሩትን ድኝ አዘል የፕሮቲን ክፍሎች ያሟላሉና። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የገባበት ወጥም ጉዳቱን ሲቀንስ ታይቷል። በሸክላ ድስት ብቻ የሚያበስሉ ቤቶች ይበልጥ ተጠቂ ሆነው ተገኙ። ከአሥር እስከ አሥራ አራት ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆችም እንዲሁ። እስቲ አስቡት፤ ቀኑን ሙሉ ከብት ይዞ ማሳ ዳር የሚውል እረኛ፣ እሸቱን ከእሱ የበለጠ ማን ይበላል? ቆሎውንስ በኪሱ የሚይዘው ማን ነው?

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ግን የዘር ወገን የሆኑትን ደስ የሚያሰኝ ነው። የደም ዓይነታቸው ኦ የሆኑ ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። የደም ዓይነት ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነገር ነው፤ ዘር ነው እንግዲህ። ታዲያ «በዘራችን ነው» ያሉት ረቱ? ኦ የሆነ ሰው አዲስ አበባም ሞልቷል፣ ለንደንም ሞልቷል፤ ጓያ አልሰበረውም። የደም ዓይነቱ ለብቻው ማንንም አያሰናክልም፤ ሦስት ወር ጓያ ብቻ ሲበላ ነው ልዩነት የሚያመጣው። ገበሬው ስለ ማሳው እንደሚያውቀው ማለት ነው፤ ውርጭ ባልወረደበት ዓመት ውርጭ የሚችለውም የማይችለውም ዘር እኩል ያፈራል።

እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ፒተር ዳዳሞ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1996 በደም ዓይነታችሁ ብሉ የሚል መጽሐፍ አወጣ። ኦ የሆናችሁ አዳኞች ናችሁ፣ ሥጋ ብሉ፤ ኤ የሆናችሁ ገበሬዎች ናችሁ፣ አትክልት ብሉ ይላል። በሚሊዮን ተሸጠ። ወሬው እኛም ዘንድ ደርሶ «የደሜ ዓይነት ምስር አይስማማውም» የሚል ሰው በየካፌው አታጡም። ምርምሩ ሲታይ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ጥናቶችን የገመገሙ ሰዎች ለዚህ ትምህርት ማስረጃ አጡ፤ በ2014 ደግሞ የቶሮንቶ ተመራማሪዎች አመጋገቡ የጠቀማቸው ሰዎች የደም ዓይነታቸው ምንም ቢሆን እኩል እንደተጠቀሙ አሳዩ። እናላችሁ፣ ስለ ደም ዓይነትና ስለ ምግብ የተጻፈው ተረት አገር ለአገር ሲዞር፣ በገዛ ገበሬዎቻችን ላይ በገዛ ሐኪማችን የተገኘው ነገር የጥናት መጽሔት ውስጥ ቀረ። ኧረ ለመሆኑ ካፌ ውስጥ ስለ ደሙ ከሚያወራው መካከል የደላንታን እረኛ ታሪክ የሰማ ስንቱ ነው?

ሌላም አለ። ዘር ምግብን ብቻ አይቀበልም፤ ምግብም ዘርን ይሠራል። ወተትን እንይ። የሰው ልጅ በተፈጥሮው ጡት ከተወ በኋላ የወተት ስኳር የሚፈጭበት ኃይል ይቀንስበታል፤ ወተት ሲጠጣ ሆዱ ይነፋል፣ ይጮኻል። ብዙ ሺህ ዓመት ከከብት ጋር የኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን ይህ ኃይል እንዳይዳከም የሚያደርግ የዘር ለውጥ ተስፋፋ፤ በክፉ ዘመን ወተት የተስማማው ልጅ ተርፎ ወልዷልና። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለው ለውጥ አንድ ሳይሆን ብዙ ዓይነት ሆኖ እንደሚገኝ አሳይቷል። ይህ ለውጥ ያልደረሰው ቤት ደግሞ እርጎና አይብ አለው። እናቶቻችን ስለ ዘር ለውጥ አንድም ቃል ሳይሰሙ፣ ያንን ስኳር በቅል ውስጥ አስቀድመው አስፈጭተውታል። ዛሬ የዘር ዕጣ የምንለው ነገር የድሮ ሰዎች ማዕድ ያስቀረው ነው።

ዘሩ ሳይለወጥ ማዕዱ ብቻ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከዚሁ ከጎንደር ዙሪያ የሄዱትን ይመልከት። ወለቃና አምቦበር የመሳሰሉት መንደሮች የቤተ እስራኤል መንደሮች ነበሩ። ከፊሎቹ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ደግሞ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ሲደርሱ የስኳር በሽታ እነሱ ዘንድ ብርቅ ነበር። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ገብስና ሽሮ በልተው፣ ዳገት ቁልቁለቱን በእግራቸው ወጥተው ወርደው የኖሩ ሰዎች ናቸው። እዚያ ነጩ ዳቦ፣ ለስላሳው፣ ጣፋጩ፣ መቀመጡ ጠበቃቸው። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ገና ወጣት በሆኑት መካከል ሳይቀር በሽታው እንደበዛ የሚያሳይ ጥናት ወጣ። ኋላ የመጡት ጥናቶች ከሌላው እስራኤላዊ ባነሰ የሰውነት ክብደት እንደሚይዛቸው ጨመሩበት። የኋለኛውን ነገር የዘር ድርሻ ሊኖርበት ይችላል በሉት፤ እስማማለሁ። ነገር ግን አውሮፕላኑ ላይ የወጣው ዘርና ከአውሮፕላኑ የወረደው ዘር አንድ ነው። የተቀየረው መሶቡ ነው።

ስኳር ከጥጋብ ብቻ የሚመጣ ይመስለን ነበር። ጎንደር ሆስፒታል የሠሩ ሐኪሞች ግን ሌላ ነገር ሲያዩ ኖረዋል፤ ከገጠር የሚመጣ፣ ወጣት፣ ድሃ፣ ከስቶ አጥንቱ የሚቆጠር፣ ኢንሱሊን ካላገኘ የማይኖር ሕመምተኛ። ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ይዘው፣ ከምግብ እጥረት የሚመጣ የስኳር በሽታ የሚለውን የተዘጋ መዝገብ እንደገና እንክፈተው ወይ? ብለው ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 ከዝርዝሩ አስገብቶ በ1999 አውጥቶት ነበርና። በ2020 ከዚሁ ከጎንደር የወጣ ጥናት ደግሞ የአብዛኞቹ ወጣት ሕመምተኞች በሽታ ሰውነት የራሱን ቆሽት የሚያጠቃበት፣ የዘር ምልክትም ያለበት ዓይነት መሆኑን አመለከተ። በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት የሚመጣውን ዓይነት «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀበለ። አያችሁ፤ የሚያውቁት ሰዎች ዘርንም ረሃብንም ይዘው እያንዳንዱን ሰው ይመረምራሉ። እኛ በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እነሱ አርባ ዓመት ተከራክረውበታል።

ታዲያ «በዘራችን ነው» ማንን ይጠቅማል? ለባለሥልጣን እረፍት ነው። የተሰበረው እግር የዘር ከሆነ፣ በዚያ ክረምት ገበያ ላይ ከጓያ በቀር እህል ለምን እንዳልነበረ፣ እርዳታው ለምን እንደዘገየ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው መርዙ አነስ ያለ «ዋሴ» የተባለ የጓያ ዝርያ ከስንት ገበሬ እጅ እንደገባ የሚጠይቅ አይኖርም። ለሽማግሌ ደግሞ መመዘኛ ነው። ወንድሟ ጓያ የሰበረው ልጃገረድ «ዘራቸው ውስጥ አለ» ተብሎ ሳትጠየቅ ትቀራለች፤ የወንድሟን እግር የሰበረው ክፉ ዓመት በእሷ ማኅፀን ውስጥ እንዳለ ተቆጥሮ። በእሷ ላይ የሚደርሰው ግፍ ከሁሉ ይከፋኛል።

ከሁሉ ይልቅ ዓረፍተ ነገሯን አጥብቃ የምትይዛት ግን እናት ናት፤ እሷንም አልፈርድባትም። በዚያ ክረምት ንፍሮውን ቀቅላ ያቀረበችው እሷ ነች። ሌላ አልነበራትም። «ምን አብልተሽው ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከምትሸከም «በዘራችን ነው» ማለት ይቀላታል። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ቤቷ ገብቶ «ጓያ ነው የሰበረው» ብሎ ቢወጣ ግማሹን ብቻ ነው የነገራት። ጓያውን የመረጠው ረሃቡ እንጂ አንቺ አይደለሽም የሚለውን ሌላውን ግማሽ መስማት አለባት። ከተማ ተቀምጦ «ራሳችሁን ጠብቁ፣ የምትበሉትን ምረጡ» የሚለው አዲሱ ስብከትም የሚስተው ይህንኑ ነው። ምርጫ ያለው ሰው ይምረጥ፤ ደግ ነው። ምርጫ የሌለውን ምረጥ ማለት ግን ዘርህ ነው ከማለት በምን ይሻላል?

ዘር ምንም አይደለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አባትህ ወይም እናትህ ስኳር ካለባቸው ከጎረቤትህ ቀደም ብለህ ተመርመር። ወጣቱ ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ውኃ ውኃ ካለው፣ ሽንቱ ከበዛ፣ ቀጭን ነውና ስኳር አይነካውም ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጓያ የሚበላ ቤት ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር ይቀላቅለው፣ ዘፍዝፎ ውኃውን ይድፋው፣ ልጆቹን ከእሸቱና ከቆሎው ይከልክል። የቤተሰብ ታሪክ ለጥንቃቄ ከሆነ ሀብት ነው። አስቀድሞ የተነበበ ፍርድ ሲሆን ነው የሚጎዳው።

በየጤና ጣቢያው ካርድ ላይ «በቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን በእንፍራንዝና በሜዳው ዙሪያ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩበት እወዳለሁ፤ «ባለፈው ክረምት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ በዚህ ቤት ምን ተበላ?» መልሱ «ጓያ ብቻ» የሆነበት ቤት፣ የማንም ዘር ይሁን፣ ሳይውል ሳያድር እህል ሊደርስለት ይገባል።